ነጠብጣብ መስመር

ታሊን ከተማ ውስጥ፣ ከሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
የቤት ክዳን እንጂ ባሕር በማያሳይ
መስኮት አጠገብ ነው፣ ቀለምና ማስመሪያ ዘርግቼ የምውል።
ሰው ሐሳቡን ታቅፎ ደረጃ ይወጣል።
አንዱ የወተትን ስብ መለኪያ ያመጣል፤
አንዱ የበግ ማኅተም፣ ዝናብ የማይደፍረው፤
አንዱ ጭጋግ ሲወርድ የሚጮህ ቀንድ አለው።
እኔ እስልላቸዋለሁ፤ ለአንድ ሉህ ሁለት ክሮን፣
ከትልቁ ጎማ እስከ ትንሿ ብሎን።

ሕጉ አጭር ነው።
የፈለሰፍከው ነገር በሙሉ መስመር ነው።
ያልፈለሰፍከው ግን፣ ውሃው፣ ምድሩ፣ የገዛ እጅህም ቢሆን፣
በነጠብጣብ ይሁን።
ማለትም፦ አለ፤ ግን የእኔ ነው አልልም፤
ይታያል፤ ግን ለእርሱ መብት አልጠይቅም።

ጥር ነበር። በረዶው ከጫማው ሳይረግፍ፣
ፕሪዱ የሚባል ሰው፣ ከሙሁ ደሴት ጫፍ፣
በማቅ የጠቀለለው አንድ ነገር ይዞ
ገባ ሳይናገር፣ ከንፈሩ ደንዝዞ።

ቆይቶ እንዲህ አለኝ፦ "ባሕሩ ሲረጋ
በፈረስ እንሻገራለን፤ ጥድ ቆርጠን ግራ ቀኝ እየተከልን።
ጥዱ መንገዱን እንጂ ውፍረቱን አይናገር፤
ከላይ ሁሌም ነጭ ነው፤ የሚሳሳው ከሥር።"

ከማቁ አወጣው፦
የነሐስ ዘንግ፣ ጣት በጣት የተከፈለ፣
ከሥሩ ጥርስ፣ ከላይ ሞላ የተተከለ።
በረዶው ከስንዝር በታች ሲሳሳ
ጥርሱ ይለቃል፤ አሎሎው ይወርዳል፣ ቀይ ጨርቅ ሊያነሣ።
ቃጭሉም ይጮኻል።
"ልኩ ሲጎድል ነው ምልክቱ የሚወጣ" አለ፣
እጁን እያፍተለተለ።

ሳልኩት። ዘንጉን አንድ አልኩ፣ ጥርሱን ሁለት፣
ሞላውን ሦስት፣ አሎሎውን አራት።
ባሕሩን በነጠብጣብ። በረዶውንም።
"ፈረሷንም" አለኝ። "ሚራ ናት። ግራ ጆሮዋ ቆራጣ ነው።"
ፈረስ አልፈጠርክም አላልኩትም፤
በነጠብጣብ ጆሮዋን ቆረጥኩ።
"ልጁንም።"
"የቱን ልጅ?"
"ከጋሪው ላይ። ኤንደልን። ኮፍያው ጆሮ ይሸፍናል።
ቁመቱ እስከዚህ ነው።"
እጁን ከደረቱ አስተካክሎ ያዘ፤
መለኪያ ነበር እጁ፣ በአየር ላይ የፈዘዘ።

ከቅጹ ግርጌ "ይገባኛል" የምትል ዓምድ አለች፣ ሕግ ያበጃት፤
አንደኛ ዘንጉ፣ ሁለተኛ ጥርሱ፣ እያልኩ ስሞላለት፣
"ይገባኛል" አለ፣ ቀስ ብሎ፤
የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኩት።

መጋቢት ላይ መዝገብ ቤቱ ሥዕሉን መለሰው፦
"ከጋሪው ላይ ያለው ቅርጽ ቁጥር የለው፤
ይሰየም ወይም ይፋቅ።"

ምላጩን አነሣሁ። አስቀመጥኩት። እንደገና አነሣሁት።
ነጠብጣብ ቶሎ ይፋቃል፤ አንድ ሻይ እስኪበርድ አይፈጅም።
በመጨረሻ ከዝርዝሩ ግርጌ ጻፍኩ፦
ዐሥራ አንድ፤ ጭነት።

ፕሪዱ መጥቶ አነበበ፣ በጣቱ እየሄደ፤
ዐሥራ አንድ ላይ ሲደርስ ጣቱ አልተራመደ።
ፈረመ፤ ከፈለ፤ ወረደ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ለአክስቴ ልጅ ሰርግ፣
ወደ ሙሁ ስንሻገር በበረዶው ላይ፣ ከጥድ እስከ ጥድ፣
ከፊታችን ቃጭል ጮኸ።
ባለፈረሱ ልጓም ሳበ።
"የፈለሰፈው ሰው እጁ ይሰበር!" አለ አንድ ዓሣ ነጋዴ፤
"አሁን ለዚህች ጨርቅ ብዬ ሁለት ሰዓት ልዙር እንዴ?"
አንዲት ሴት አዛጋች። አንድ ሕፃን ብስኩት ጠየቀ።
ስድስት ነበርን፤ ጭነት።
እየተነጫነጭን ዞርን።

እኔ ብቻ ወደ ኋላ አየሁ፦
በሙሉ መስመር የቆመች፣ ቀይ፣ ጠባብ ጨርቅ፤
ከሥሯ ውሃው፣ ነጠብጣብ፣ ነጠብጣብ፣ እስከ ሩቅ።