ጆሮ ለባለቤቱ

በአንኩድ፣ በደሴቲቱ፣ ዝናብ ዕረፍት በማያውቅበት፣
ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ቁልቁለቱ በሚያልቅበት፣
አንድ ሰማያዊ በር አለ፤ ቀለሙን ጨው በልቶታል፤
ስም አልተጻፈበትም፤ መኪናው የታመመበት ያውቀዋል።

እኔ ዓሣ አጫሽ ነኝ።
የመኪናዬ ሽታ ከመኪናዬ ቀድሞ ይደርሳል፤
ኮፈኖዋን የሚከፍት ሁሉ ፊቱን ያዞራል።
አንዱ አፍንጫውን ይዞ፣ "ሞተር ቀይሪ" አለኝ፤
አንዱ ገና ሳያያት፣ "ቀብድ አስቀምጪ" አለኝ።
ዶን ኦሬስቴ ማንሲያ ግን፣ "አስነሺያት" አለና፣
አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ዐይኑን ከደነና፣
ኑዛዜ እንደሚቀበል ቄስ ዝም ብሎ ሰማት።
"ቺንጊያዋ ነው የላላው።" ወዲያው አጠበቀላት።
"ሒሳብስ?"
"ለማጥበቅ? ሂጂ እንጂ፤ ገበያው ያልፍሻል።"

ባለታክሲው ኖልቤርቶ እንዲህ ይላል፦
"የወለቀውን ዕቃ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይሰጠኛል፤
ኩሽኔታውን በጣቴ አዙሬ እንዳየው ያዘኛል፤
'ጉርብጥብጡ ተሰማህ? እንግዲህ ለዚህ ነው የከፈልከው' ይለኛል።"

አዋላጇ ኢስሜኒያ ደግሞ፦
"ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ምጥ ከወንዙ ማዶ እየጠበቀኝ፣
በፒጃማው መጣ፤ ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ አስነሣልኝ።
በማግስቱ ልከፍል ብሄድ ስለ ገንዘብ አላነሣም፤
'ወንድ ነው ሴት?' አለኝ፤ ሌላ ነገር አልጠየቀም።"

መምህር ፊደንሲዮ ብቻ ያማርራል፦
"ለሦስት ቀን ብሎ አሥራ አንድ ቀን አቆመብኝ፤
ሬዲዮኔንም ከዚያ ወዲህ ድምፅ አሳጣብኝ።"
"ታዲያ ለምን ሌላ ጋ አትወስዳትም?" ስንለው፣
እናቱን እንደ ሰደብንበት ያፈጥብናል።

አምና በሐምሌ፣ "ፖምፓዋ ሄዷል" አለኝ። ከፈልኩ፤ ተቀየረ።
በአራተኛው ምሽት፣ ነፋሱ ጣራ ሲነቅል፣ በሬ ተንኳኳ።
አሮጌው ፖምፓ በግራ እጁ፣ ገንዘቤ በቀኙ፣
ውሃው ከቆቡ ጫፍ እስከ ጫማው ይወርዳል።
"ፈትቼ አየሁት፤ ምንም አልነካውም። ተሳስቻለሁ።
የሰማሁ መስሎኝ ነበር።"
"ግባ" አልኩት። ቆመ።
"ሻይ ላፍላልህ?" አልኩት፣ ፊቴን ወደ ምድጃው አዙሬ።
"አዎ" አለኝ፣ "ዘንድሮስ ዝናቡ ከፍቷል።"

ሻይ ስል ዝናብ ሲለኝ ያኔ ገባኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤
የሱ ጆሮ አርባ ዓመት ለእኛ ዘመድ ሆኖ ኖሮ፣
ባዕድነቱን ለሱ ብቻ አስቀምጦለት ኖሯል።

ለማንም አልተነፈስኩም። ሆዴ ውስጥ ቀበርኩት።
ሳምንት ቆይቼ ሰማያዊው በር ብደርስ፣
ኖልቤርቶ የሽማግሌውን መዳፍ ይዞ
በሁለት ጣቱ ይመታዋል፦
ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ፤
ለካ ሦስተኛ ማርሽ ስትገባ ነው።
ኢስሜኒያ ክንዱን በጥፍሯ ትፍቀዋለች፤
ለካ ፍሬኗ እንዲያ ነው የሚያደርጋት።
ፊደንሲዮ እንኳ፣ ያ አማራሪ፣
የሰውዬውን ትከሻ ይዞ እንደ ሕፃን ያርገፈግፈዋል፤
ሞተሩ ሲነሣ የሚይዘው መንቀጥቀጥ ነው።
እያንዳንዳችን ብቻችንን የምናውቅ መስሎን
ደሴቱን ሙሉ ምስጢር ጠብቀናል።

እሱ ደግሞ ካቻቢቴውን፣
ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን መንጋጭላው ላይ ተክሎ፣
ዐይኑን እንደ ድሮው ከድኖ፣
በአጥንቱ ያዳምጣል።

ዛሬ ተራው የእኔ ነው።
ሬዲዮ ዘግቼ፣ መስኮት ዘግቼ ነዳሁ፤
ሃያ ሁለት ዓመት የነዳኋትን ገና ዛሬ ሰማሁ።
ዳገት ላይ ታቃስታለች፤
ወደ ግራ ስትታጠፍ አንድ ነገር ታጉረመርማለች።
መዳፉን ዘረጋልኝ። ግሪስ የማይለቀው መዳፍ።
ታ፣ ታታ። ታ፣ ታታ።
ትንሽ አሰበ።
"በደንብ ሰምተሻል" አለ።
"የቀኝ ፊት ኩሽኔታ ነው። ዓርብ አምጪያት።
ስትመጪ ግን ዓሣውን አራግፊ፤
አፍንጫዬ እንኳ ደህና ነው።"