አንዷን ኩይሳ ተዉልኝ

ጠዳ፣ ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣
የአያ እንዳላማው ቤት በአንድ ጎኑ ያዘነብል ነበር።
ምሰሶውን ብትነካው ቅርፊት ነው፤ ውስጡ አፈር።
ምስጥ እንጨቱን በልቶ መልኩን ብቻ ትቶለት፣
እንደ ባለዕዳ ሰላምታ፤ ከላይ ደኅና፣ ከውስጥ ባዶነት።

የጣራውን ሣር በላ፤ የማሽላውን አገዳ በላ፤
ከሣጥን የተቀመጠውን የግብር ደረሰኝ በላ፤
የሠላሳ ዓመቱን፣ ከነማኅተሙ ከነፊርማው።
«የመሬቴ ወረቀት» አለኝ «ይኸው መሬት ሆኖ አረፈው።»

ፊት ዱቄት ረጭቶ ነበር፣ ከገበያ በላስቲክ የገዛው፤
ዶሮዎቹን ጨረሰ፤
ምስጡን ግን አልነካው።

እኔ ከማራኪ የመጣሁ፣ የላቦራቶሪ ሠራተኛ፣
ሳህን ቆጣሪ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የጄኔሬተር ለማኝ፣ የሌሊት እረኛ፣
ኩይሳውን ቆፍሬ አሳየሁት፤ «ምስጥኮ ገበሬ ነው፤
ያኘከውን ይከምራል፣ ሻጋታ ይዘራበታል፣ አረሙን ይነቅላል፤
የሚበላው ያንን ነው።»
ጎንበስ ብሎ አየና፣
«ታዲያ ግብር ይከፍላል?» አለ አያ እንዳላማው።

ከዚያው ከጓሮው አፈር በብልቃጥ ይዤ ተመለስኩ።
በሦስተኛው ቀን ሳህኑ ላይ የኖራ ፍንጣቂ የመሰለ ነጥብ፤
በሰባተኛው ዙሪያው ጠራ፤ ሻጋታው አልደፈረም መቅረብ።
ክዳኑን ስከፍተው ሸተተኝ፤ የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ
አቧራ ላይ ሲያርፍ የሚነሣው፣ ልብ የሚያርስ ሽታ።
ለካ የዝናቡ አልነበረም፤ የእነሱ ነው፣ የጥቃቅኖቹ፤
ስንቱን ክረምት አሸተትኩት፣ ጦር ሜዳ መሆኑን ሳላውቅ ታቹ።

በመስታወት ሣጥን ላሳደርናቸው ምስጦች ጠብ አደረግኩ።
እነሱን አልገደለም፤ አንዱንም አልነደፈ፤
እርሻቸው ብቻ፣ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ያለው፣ አመድ ለብሶ ረገፈ።
አልሸሹም። ያኝካሉ፣ ይከምራሉ፣
በሞተ እርሻ ላይ አዲስ ቅጠል ያስቀምጣሉ።
በአሥራ አንደኛው ቀን አንዱ ቆመ፤ ሌላውም ቆመ።
ደብተሬ ላይ «ጥሩ ውጤት» ብዬ ጻፍኩ፤
እስክሪብቶዬ ግን ከመስመር ዘመመ።

ሐምሌ ላይ በጀሪካን ተሸክመን ወረድን፤ ስድስት ኩይሳ ነበር።
አምስቱን አጠጣን። ስድስተኛዋ ጋ፣ ድንበሩ ላይ ስንቀርብ፣
እትየ ይታክቱ ከፊታችን ቆመች፣ ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ።
«ይቺን አንዷን ተዉልኝ። በፍልሰታ ወጤ እሷ ናት፤
ሰማይ ሲያጉረመርም እንጉዳይ የምትወልድ፣ የእኔን ጓዳ የምታውቅ ናት።
ባሌ የሞተ ዓመት፣ ባቄላውም ዋግ የመታው ዓመት፣
ልጆቼን ያጠገበች ማን ሆነችና?
ይቺው ናት።»

ያ እንጉዳይ የዚያው ሻጋታ አበባ መሆኑን እኔ በመጽሐፍ አውቃለሁ፤
እሷ በጨው ታውቀዋለች።

«ምስጥ ወሰን ያውቃል እንዴ? ነገ ወደ ቤቴ ቢሻገር?»
አለ አያ እንዳላማው። እሷም ሳትቆጣ፣
«አንተስ መች አወቅህ? አምና ሁለት ክንድ ገፍተህ አርሰህብኝ የለም?
ወረቀትህ ተበልቷል፤ የእኔም ከጥንቱ አልነበረም፤
የድንበራችን ምስክር ይቺ ናት። እሷን ገድላችሁ፣
በማን ልትዳኙ ነው?»

ጀሪካኑን አስቀመጥኩት።
አያ እንዳላማው መሬት መሬት አየ፤ አንዲት ጠጠር በጫማው ገፋ፤
«እንግዲህ…» አለ። ከዚያ ወዲያ ቃል ጠፋ።

ቤቱ እስካሁን እንዳዘነበለ ነው፤
የተበላ ምሰሶ በጠብታ አይመለስም፤ አዲስ ግንድ ይፈልጋል።
አምስቱ ኩይሳዎች ግን ዝም ብለዋል፤ አንደኛው ላይ ሣር በቅሏል።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንዲት ልጅ ማራኪ ድረስ መጣች፤
በጉሎ ቅጠል የተጠቀለለ እንጉዳይ ይዛ፣ «ለዚያች ለቆፋሪዋ» አለች።
እኔም መዝገቤን ገለጥኩ። በስድስተኛው ኩይሳ ትይዩ፣
«ያልታከመበት ምክንያት» ከሚለው ሥር፣
ለወራት ባዶ ከቆየው፣
«ወሰን» ብዬ ጻፍኩና፣
ጨው ፍለጋ ወጣሁ።