«ምክንያት» የሚለው መስመር

ቀኑን ጻፍኩ። ቁጥሬን ጻፍኩ። «መስመር ሰባት፣ እጅጌ ገጣሚ»።
(የሸሚዝ ነው የምገጥመው፤ ለስንኝማ የለኝም ሰሚ።)
ጉዳዩ፦ «ከሌሊት ፈረቃ ወደ ቀን ለመዛወር ስለመጠየቅ»።
እስከዚህ ድረስ ብዕሬ ሄደ፣ ሳይደናቀፍ፣ ሳይጨነቅ።

ከዚያ «ምክንያት» የሚል መስመር መጣ።

«ጨጓራ» ብዬ ጀመርኩ።
ጨጓራ ጨዋ በሽታ ነው፤ ማንም አያፍርበት፣
አለቃም አለበት፣ ዘበኛም አለበት፣
«ተልባ ጠጪለት» ይላል ጎረቤት።
የእኔ ግን ሆዴ ላይ አይደለም፤
የእኔን ነገር ተልባ አያውቀውም።

እንዴት ተብሎ ይጻፋል?
«ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ መኪናው ሁሉ ስሜን ሲጠራ፣
የያዝኩት ባዶ እጅጌ የሰው ክንድ መስሎኝ ስፈራ፤
ሐኪሟ ያዘዘችው ክኒን ማታ ሦስት ላይ ይዋጣል፣
ማታ ሦስት ላይ ደግሞ ሰርቪሱ ከዳቶ ይነሳል፤
ብውጠው፣ መርፌው ጣቴን ያገኛል፤
ብተወው፣ ያ ክረምት ተመልሶ ይመጣል፤
ያ ክረምት፣
እናቴ ከአለታ ወንዶ መጥታ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብላ ያነጋችበት።»

ገጹ ሞላ። ቀደድኩት።

አስናቀች፣ አንድ አልጋ የምንፈራረቀው፣ ስትነሳ የምተኛው፣
በትከሻዬ አሻግራ አነበበች።
«ጠበል ሂጂ» አላለችም፤ ምንም አላለችም፤
ከታች ቤት ካውያ ተበድራ
የነገ ሸሚዜን ተኮሰች።

በአዲስ ወረቀት፣ አጠር አድርጌ፦
«የአእምሮ ሕክምና ላይ ነኝ። መድኃኒቴ ሌሊት መተኛት ይፈልጋል።
ሥራዬን እወደዋለሁ።»
የመጨረሻዋን ማንም አልጠየቀኝም። አልሰረዝኳትም።

አቶ ዱካሞ አነበበ። መነጽሩን አወለቀ፣
ተነስቶ በሩን ገጠም አደረገ፣ ድምፁን ደበቀ፦
«ምነው ጨጓራ ብትዪ ኖሮ?
ዛሬውኑ እፈርም ነበር።
ይሄ... ይሄ እንኳ ማህተም ይፈልጋል።»
ክፉ ሰው አይደለም። ወረቀቱን ሲመልስልኝ
በሁለት እጁ ነበር፣ ትኩስ ነገር እንደሚያቀብል።

ማህተሙ ሪፈራል ነው ያለው፤ ነገ ጠዋት እሰለፋለሁ።
ለዛሬ ግን ፈረቃ አለኝ፤ ሰርቪሱን እጠብቃለሁ።
ክኒኗ በወረቀት ተጠቅልላ ከኪሴ ታች፣
ሰዓቷ ደረሰ፤ አልዋጥኳትም፤ እሷም ጠበቀች።

ሐይቁ ከዚህ አይታይም። ግን አውቃለሁ፣
ይሄኔ ዝርግት ብሎ ተኝቷል፣
ምክንያቱን ሳይጠየቅ።