የዶክተር ቫርጊስ ጫማ

ሙጥራሕ፣ ከወደቡ ጀርባ፣ መኪና በማያስገባው ቅያስ
ኮቴውን እሰማው ነበር ገና ከደረጃው ሳይደርስ፤
የግራው ተረከዝ ተበልቷል፣ አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ዝም፣
በር አንኳኩቶ አያውቅም፤ ሳሉ ነው የሱ ስም።
ጫማውን ከደጅ ያወልቃል አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሮ፣
ይገባል ዶክተር ቫርጊስ፣ ለጉበኑ አንገቱን ሰብሮ።

ከማማ ዙወይና ምንጣፍ ዳር ጉልበቱን ይዞ ይቀመጣል፤
ቦርሳው ገና አይከፈትም፣ አስቀድሞ ወሬ ይመጣል፦
ፍየሏ ወለደች ወይ? ያ የእህቷ ልጅ ታረቀ?
ጎረቤት የሚሠራው ግንብ ከመስኮቷ ስንት ክንድ ራቀ?
ዐረብኛው ከኔ ይብሳል፤ ሴቱን ወንድ ያደርጋል፣
እሷ ትስቃለች፣ ስትስቅ እሱ ትንፋሿን ይቆጥራል።

ይኸ ምርመራ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ከዚያ ጣቷን ገልብጦ ጥፍሯን ያያል፣ የዓይኗን ቆብ ይገልጣል፣
የማዳመጫውን ብረት በመዳፉ ያሞቃል።
ማራገቢያ ማጥፋት የኔ ሥራ ነበር።
ላባችን እየወረደ ሦስታችንም ያንን ልብ እንሰማለን፤
እሱ በጆሮው፣ እሷ በፍርሃት፣
እኔ ቆሜ፣ እጄ ከማብሪያው ላይ።

ሲወጣም፣ ጎንበስ ብሎ ክሩን እያሰረ፣ ቀና ሳይል፣
«አንቺስ?» ይለኛል።
በዚያ ቤት በኖርኩበት ዘመን ይህን የጠየቀኝ
ጫማ ሲያስር የነበረ አንድ ሰው ብቻ ነው።
አንድ ቀን በረኪና የላጠውን መዳፌን ዘረጋሁለት፤
ከቦርሳው ቅባት አወጣ፤ ሒሳብ አልጻፈበት።

ዓይኑ ሲደክም ወደ አገሩ ገባ።
ከጨርቅ ሱቁ በላይ የነበረው ክሊኒኩ
አሁን የስልክ መስታወት ይቀየርበታል።
እኛም ወደ አል-ኸውድ ወጣን፤ ወለሉ እብነ በረድ፣
የግቢው በር በራሱ የሚከፈት፣ ኮቴ የማይሰማበት።

ሆስፒታሉ ንጹሕ ነው። ቁጥር ይሰጣሉ፦ ሁለት መቶ ሰባት።
እውነቱን ካልተናገርኩ ግጥሜ ይጠምማል፦
እሱ ስድስት ዓመት በጆሮው የለመነውን ልብ
መሣሪያው በሩብ ሰዓት አየው፤ «አንዱ በር አይገጥምም» አሉ፣
ቀደው አበጁት። ዛሬ ከምንጣፏ ያለችው በነሱ ነው።
ቫርጊስ ቢሆን ቴምሩን እየበላ፣ እየሳቀ፣ ይቀብራት ነበር።

አሁን ሰኞ ሰኞ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ሐኪሙ በስልክ ይመጣል።
የልጅ ልጇ ሙሀነድ ጭኖልን ሄደ።
ፊቱ የክብሪት ቀፎ ያህላል፤ ጢሙ ገና ነው፤
ትሑት ነው፣ ይቸኩላል።
ማማ ዙወይና ሻሿን ታስተካክላለች፣
«በሩ ክፍት ነው፣ ይግባ» ትላለች፣
«ቴምር አቅርቢለት።»
አቀርባለሁ። ስልኩን ከሳህኑ ጫፍ አስደግፌ።

«ቁርጭምጭሚቷን ተጫኚልኝ» ይላል። በአውራ ጣቴ እጫናለሁ።
«ይሰረጉዳል?»
«ይሰረጉዳል።»
«ስንት ቆጥረሽ ሞላ?»
«አራት።»
ጣቱ እኔ ነኝ እንግዲህ። ጆሮውም፣ ኮቴውም።
ፍየሏ መሞቷን አልጠየቀም፤ መጠየቂያ ቦታ የለውም።

ሲዘጋ ስልኩ ይጠይቀኛል፦ ለታካሚዋ ምኗ ነሽ?
ልጅ። የልጅ ልጅ። ሌላ።
«ሌላ»ን እነካለሁ። አመሰግናለሁ ይላል፣ ኮከብ ስጪ ይላል።
አምስቱንም እሰጣለሁ፤ ልጁ ምን አጠፋ።

«ሄደ?» ትለኛለች።
«ሄደ።»
ወደ ደጁ ትንሽ ታደምጣለች።
«ጫማውን አደረገ?»
«አደረገ፣ ማማ» እላታለሁ፣
ያልተነካውን ሳህን አነሣለሁ፤
የአንዱን ቴምር ፍሬ በጉንጬ ይዤ
ሳላስበው ያጠፋሁትን ማቀዝቀዣ አበራለሁ።