የመጨረሻው ክብ

ሴልከርክ ጎዳና ላይ፣ ከምድር በታች ነው የኦረስት ሱቅ፤
ዊኒፔግ ሲበርዳት በሩ በእጅ አይከፈት፣ በእግር ነው የሚነቀነቅ።
እኔ ዋጋ ለጣፊ ነኝ።
ሸክላውን ከሽፋኑ አወጣለሁ፣ ወደ መብራት አዘነብላለሁ፣
ጭረቱን እቆጥራለሁ፣
ለቀጭኑ ሁለት ዶላር፣ ለወፍራሙ አምስት እቀንሳለሁ።
ሸክላ ነው ስሙ፤ ቢወድቅ ግን ገል አይሆንም፣
የሚያጎብጠው ሙቀት ነው፣ እሱም እዚህ የለም።

«ፔል ሳይሎስ» ይባላሉ፤ የገረጡ ጎተራዎች እንደ ማለት።
አራት ልጆች፣ የአባቶቻቸውን ካፖርት የለበሱ፣
ለፎቶ እንደ ለቅሶ ቤት ፊታቸውን ያጠቆሩ፤
ሳይወለዱ የሞተ ድምፅ ቆፍረው አውጥተው
እንደ ገዛ ቁስላቸው ያስታመሙ።

ባሱ ይቀድማል። ሁልጊዜ ባሱ ይቀድማል፣
እንደ ጭነት ባቡር፣ ከጆሮ በፊት ወለሉ ይሰማዋል።
ከዚያ ጊታሩ፣ ቀጭን፣ የሌሊት የጥርስ ሕመም።
ዘፋኙ አይዘፍንም፤
ቀጠሮ እንደቀረበት ሰው ለበር ያወራል።

የመጀመሪያው አልበም ጥቁር ነው፣ ስም የለውም፤
ሦስት መቶ ብቻ ታተመ፣ ሽፋኑን በእጃቸው ነው ያጣበቁት፤
ዛሬም ሙጫ ሙጫ ይላል።
ሁለተኛው ግራጫ፤ የባቡር ድልድይ፣ ከሥሩ ማንም የለም።
ሦስተኛውን አትጠይቁኝ፤
ፈገግ ማለት የተማሩበት ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት አንድ ሰው ገባ፤
ጢሙ ላይ በረዶ፣ አንዱ ጓንቱ ቡናማ አንዱ ጥቁር።
ጥቁሩን ሸክላ አነሳ፣ ዋጋውን አየ፣ አስቀመጠ፣ መልሶ አነሳ።
«መቶ አርባ?»
«የመጀመሪያው እትም ነው» አልኩት።
«አውቃለሁ። ከበሮውን የመታሁት እኔ ነኝ።»
ኦረስት ከጓዳ፣ ቀና እንኳ ሳይል፦
«እንግዲያው ለምን እንደተወደደ ታውቃለህ።»

ሳቀ። የራሱን ለቤት ኪራይ ሸጦት ነበር፣ በሃያ ዶላር፣
ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ ለማን እንደሆነ ረስቶታል።
ሽፋኑን ከፍቼ ውስጡን አሳየሁት፤
በእርሳስ የተጻፈ፣ ግማሹ የጠፋ የስልክ ቁጥር።
«የማርሊስ ነው» አለ። ሌላ አልጨመረም።

መርፌውን ዳር ላይ ሳይሆን ወደ መሀል አሳረፍኩለት።
የመጨረሻው ዘፈን ሲያልቅ ክቡ አይለቅም፤
እዚያው ይዞራል፣ እዚያው፣
በዙሩ ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣
ሊናገር ነው ስንል፣ እንደገና ይጠርጋል።
«እኔ ነኝ» አለ። «‹በቃ እንተወው› ልላቸው ነበር። ቴፑ አለቀ።»

ስንት ዙር እንደቆምን አልቆጠርኩም።
መቶ አርባን ልጬ «ሃያ» ብዬ ጻፍኩ።
ኦረስት ከጓዳ ጉሮሮውን ጠረገ፤
ምንም አልተናገረም።