ሃምሳ አምስት፣ በማን?

ሽፋን የለው፤ የመጀመሪያ ገጹም የለም።
ከሣጥኑ ግርጌ፣ ዘይት ከጠጣ ጨርቅ ሥር ያገኘነው ዕለት
ጋሽ ጉርሜሳ ገልጦ፣ "ዕድሜው ስንት ይሆናል?" አለኝ፤
መልስ መስሎኝ ቶሎ፣ "አሮጌ ነው" አልኩት።
"አሮጌማ እኔም ነኝ" ብሎ ዝም አሰኘኝ።

ዝናቡ የገላንን ቆርቆሮ ይደልቃል፤
መብራት ሄዷል፤ የጎረቤት ማሽን ጸጥ ብሏል።
እኛ በጓሮው በር፣ በዚያ ግራጫ ብርሃን
የተሸጠ ይሁን ያልተሸጠ ዕቃ እንቆጥራለን፦

መላጊያ የእንጨት፣ መላጊያ የብረት፣
መሮ ከሩብ ኢንች እስከ ሁለት፣
ሞርሳ፣ ስኳድራ፣ ፒንሳ፣ ቱንቢ፣ ሞረድ፣
በደረት ተገፍቶ በእጅ የሚዞር መሰርሰሪያ፣
ሁሉም በቀጭን ጥቁር መስመር፣ ጥላው ሳይቀር ተስሎ።
ገጽ አርባ ላይ ብቻ አንድ የኤሌክትሪክ አለ፣
ሳይጠሩት ሰርግ ቤት እንደ መጣ እንግዳ
ጥግ ይዞ፣ ሽቦውን እግሩ ሥር ጠቅልሎ።

ስልኩን አየን፤ አምስት አሃዝ።
"የኔ እኮ አሥር ነው" አልኩት።
"ያኔ የሚደወልለት ሰው ጥቂት ነበር፤
አምስት ይበቃል" አለና ሳቀ።
ወኪሎች፦ አዲስ አበባ። ድሬዳዋ። አስመራ።
አስመራ ላይ ጣቱ ቆመ።
ምንም አላለም። ገጹን አዞረ።

ዋጋው በብር ነው፤ በጠገራ አይደል፣ በሊሬ አይደል፤
እንግዲያስ ከጣሊያን ወዲህ ነው አልን።
መላጊያ፣ አሥራ አራት ብር ከሰባ አምስት!
(በዚህ ዛሬ አንድ እፍኝ ሚስማር ለምኖ ማየት ነው።)

መጨረሻው ገጽ ላይ ማኅተም አገኘን፤
ሐምራዊ፣ ክቡ የተሰበረ፣ ግማሹን ዘይት የበላው፤
ቀኑ ጠፍቷል፣ ወሩ ጠፍቷል፤ የቀረው አምስትና አምስት።
"ሃምሳ አምስት!" ብዬ ጮህኩ።
"በማን?" አለኝ።
"ምን በማን?"
"በማን አቆጣጠር? ሱቁ የሙሴ ነው፤ ማኅተም መቺው የኛ ሰው።
በፈረንጁ ከሆነ አርባ ሰባት ነው፤
በኛ ከሆነ እንዳልሽው።"
ስምንት ዓመት፣ በአንዲት ቀለም ጠብታ ውስጥ ተጣጥፎ።

ከዚያ ገጽ አሥራ ሰባት። ጠርዙ ላይ፣ በእርሳስ፦
መጋዝ ፩። መላጊያ ፩። ሳሙና። ለአራስ ቅቤ።
"የአባቴ እጅ ነው" አለ፤ "ቱፋ ‹ሳ›ን ሲጽፋት
እንደ ተገለበጠ መንሽ ነበር የሚያቆማት።"

አራሷ እናቱ ናት፤ ይሄ አያከራክርም።
ሕፃኑስ?
አርባ ሰባት ከሆነ ደጊቱ ናት፣ ታላቅ እህቱ፣
በኩፍኝ የሄደችው፣ ስሟ የትም ያልተጻፈው፣
ከዚች ቅቤ በቀር።
ሃምሳ አምስት ከሆነ ራሱ ነው።
የቀበሌ መታወቂያው ሃምሳ አራት ይላል፣ ጸሐፊው ፊቱን አይቶ የገመተው፤
የፋብሪካው ጡረታ ፎርም ሃምሳ ሰባት፤
እናቱ ደግሞ "አንበጣ የመጣ ዓመት" ነበር የምትለው፤
አንበጣ ስንቴ መጣ!

መላጊያውን ከመደርደሪያ አወረደ።
የሥዕሉ ነው፣ ራሱ፤ እጀታው ግን ሦስቴ ተቀይሯል፣
ምላጩ ተስሎ ተስሎ አውራ ጣት አክሏል።
ከገጹ ጎን አስቀመጠው፣ ሽማግሌን ከጉርምስናው ፎቶ ጎን እንደ ማስቀመጥ።

እኔ ሒሳቤን አልተውኩም፦
"ኤሌክትሪክ ካለበት ወደ ሃምሳ አምስት ያደላል፤
ቅቤው ያንተ ነው፣ ጋሼ።"
ጭቃ የረገጠ ጫማውን ሲያይ ቆየ።
"ለሷ ይሁን" አለ።
"እኔ መታወቂያ አለኝ።"

ዝናቡ ሲያባራ ከሲሚንቶ ከረጢት ሽፋን ቆረጥንለት፤
ሙጫ ቀብተን በሞርሳ አሠርነው።
"የዛሬን ቀን ጻፊበት" አለኝ።
ጻፍኩ፦ ሰኔ ፲፱፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት።
አራቀው፣ አቀረበው፣ እርሳሱን መለሰልኝ፦
"ዓ.ም. ጨምሪበት፤
ኋላ የሚያገኘው ሰው እንደኛ እንዳይንከራተት።"