ልየው

ጸጉር ቆራጭ ነኝ ቡሬ፣ መናኸሪያው በር ላይ፣
ቴሌቪዥን ሰቀልኩ ከጀርባዬ በላይ።
ተራ የሚጠብቅ፣ አግዳሚው ላይ ያለ፣ ፊት ለፊት ያየዋል፤
ወንበሬ ላይ ላለው፣ ለኔም ጭምር፣ መስታወት ያቀብለናል።

አንድ ፊልም ከጥግ እስከ ጥግ አይቼ አላውቅም፣
የሰው ጆሮ ይዤ አንገቴን አላዞርም።
ስባሪ ነው የማየው፣ ከጺም እስከ ጺም።
አንዱ ሲወድቅ አያለሁ፤ ማን እንደጣለው ግን
ቀጥሎ ሊላጭ የሚቀመጠው ነው የሚነግረኝ።
አስተያየት ግን፣ ወይ አስተያየት!
እሱን ሳይቆረጥ ሰምቻለሁ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት።

እንየው በርበሬ ነጋዴ ነው፤
አንዱ ስለ ፊልም "እንየው!" ሲል፣ "አቤት!" የሚለው እሱ ነው።
የህንድ ፊልም አይሆንለትም፦ "ልጁ አልጋ ላይ ወድቆ
አባት ይዘፍናል እንዴ፣ ካፖርት ለውጦ፣ ተራራ ላይ ዘልቆ?"
ልጁ የዳነ 'ለት ግን ፎጣዬን ከአንገቱ ይስባል፣
ዓይኑን ይጠርግና፣ "በርበሬው ነው" ይላል።

ደባሱ ከሽንዲ ለገበያ ሲመጣ
የፈረሰኛ ፊልም ነው ምሱ፣ አቧራና ቁጣ።
ጀግናውን ግን አይወድም፦ "ሦስት ቀን ጋለበው፤ አንዴ ውሃ ሲያጠጣው አየህ?
ፈረሱን የረሳ ሰው፣ አገር ያድናል ትለኛለህ?"

ሃምሳ አለቃ ገደፋው ጥይት ይቆጥራል፤
"ስምንት ነው ይሄ የሚጎርስ፣ ዘጠነኛው ከየት መጣ?" ብሎ ይነሳል፣
ጺሙ ግማሹ እንዳለ፣ አረፋው ደረቱ ላይ ይወርዳል።

ጥሩዓለም ልጇን በሳምንት ሦስት ቀን ታመጣለች፣
ልክ በቱርኩ ተከታታይ ሰዓት። "አስተካክልልኝ" ትላለች።
ምኑን? ልጁ ጸጉር ከጨረሰ ቆየ።
መቀሴን ባዶ አየር ላይ ቀጭ ቀጭ አደርጋለሁ፣
ክፍሉ እስኪያልቅ ድረስ መላጣውን እዞራለሁ።
"አማቷ ክፉ አይደለችም" ትላለች፣ "ቤቱ ነው የሰፋው፤
አሥራ ሁለት ክፍል ውስጥ መጠፋፋቱ ነው ሰውን የሚያከፋው።
እኛ አንዲት ክፍል ይዘን፣ ተኳርፈን የት እንሄዳለን?
ጀርባ ተሰጣጥተን አንድ ብርድ ልብስ እንጓተታለን።"

እኔ?
እኔ አንድ መርማሪ ነበረኝ፤ ዝምተኛ፣ ኮቱ የነተበ፣
በግራው የሚጽፍ፣ በግራው የሚተኩስ፣
በግራው ሾርባ የሚጠጣ፣ አንድ ሰው ሳይታዘበው።
እኔም ግራኝ ነኝ። የኔታ ይህን እጄን
ከወገቤ ጋር በገመድ አስረው ነው ፊደል ያስቆጠሩኝ።
ሠርግ ቤት እስከ ዛሬ ስጎርስ ዞር እላለሁ።
"ግራኝ ነው" ስል አግዳሚው ይስቃል፤ "ቀኝ ነው!" ይላል፤ እኔ እምላለሁ።
ወንበሬ ላይ የወጣ ሁሉ ከኔ ጋር ይሆናል፣
ተላጭቶ ሲወርድ ይከዳኛል።

ባለፈው ጥር፣ የእንየው ልጅ ክርስትና ላይ፣
"ግባ፣ ግባ" ብለው አስቀመጡኝ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት፣ ሶፋ ላይ።
መርማሪዬ መጣ። እስክርቢቶውን አወጣ።
በቀኙ።
ሽጉጡም በቀኙ። ሾርባውም።
መጨረሻ ላይ የሚያልፈው ጽሑፍ፣ የቱርክ ፊደል የሚመስለኝ፣
አማርኛ ነው ለካ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት መስታወት ፊት ቆሜ
ይህን እንዴት አላሰብኩ? ደግሞ ልየው ነው ስሜ።

ለማንም አልነገርኩ። ሰኞ ከፈትኩ።
የጥሩዓለም ልጅ ወንበሩ ላይ ነው፤
ከጨርቁ ሥር አንድ እጁን አወጣ፣
ጣቱን ሽጉጥ አድርጎ ወደ መስታወቱ ቀጠነ።
ግራውን።
"ጋሼ ልየው፣ እሱም ግራኝ ነው አይደል?"
አግዳሚው ሊስቅ አፉን ከፈተ።
መቀሴን አየር ላይ ቀጭ አደረግኩና
"እየው" አልኩት።